የነጣው ፊት

ቅዳሜ ጠዋት ከድሬ ሐረር ወጣሁ። ታፔላ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን እንዲስል ሥራ አግኝቷል። «ና አቦ፣ አንተ ስለ ሰውዬው ታነባለህ፣ ምክር ትሰጠኛለህ» አለኝ። ምክሬን እንደማይሰማ እያወቅኩ ሄድኩ።

ስደርስ ግድግዳውን በእርሳስ ካሬ ካሬ ከፋፍሎ ጨርሷል። ስልኩን የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ የሚገለብጠው ያንን የምናውቀውን ልጅ ነው፤ ፀጉሩ የተንጨባረረውን፣ አገጩን እጁ ላይ ያሳረፈውን። ፊቱ ከአንድ ትልቅ ሥዕል ተቆርጦ የወጣ ነው። ፋንቲን ላቱር የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1872 የሠራው፣ አሁን ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ያለ፣ ስፋቱ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ሥዕል። ስምንት ወንዶች፣ አብዛኞቹ ገጣሚዎች፣ የአንድ ገበታ ጥግ ላይ ተሰባስበዋል።

ፋንቲን ላቱር ሰው ሰብስቦ ሲስል ጨዋታ ብሎ ነገር የለም። አንዱ ሌላውን የሚያዳምጥ አይመስልም። ልብሱ ጥቁር፣ ግድግዳው ቡናማ። ብርሃኑን ቆጥቦ ቆጥቦ ፊትና እጅ ላይ፣ ከዚያ ነጩ የገበታ ልብስ ላይ ያሳርፈዋል። እኔንማ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ነው የሚመስሉኝ፤ ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ይዞ ዝም። ራምቦ ደግሞ ብሶበት ጀርባውን ለአብዛኞቹ ሰጥቷል። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀኝ በስተቀኝ ያለው አበባ ነው። አልቤር ሜራ የሚባል ገጣሚ እዚያ ሊሳል ነበር። ከገጣሚው ቬርሌንና ከራምቦ ጋር አንድ ሥዕል ላይ አልታይም ብሎ ቀረ። አይፈረድበትም፤ የልጁ ጠባይ ለጉድ ነበር። በዚያው ዓመት ካርዣ የተባለውን ፎቶ አንሺ ከዘራ ውስጥ በተደበቀ ሰይፍ አቁስሎታል። ታዲያ ሠዓሊው በሜራ ቦታ አበባ አስቀመጠ። የአበባ ሥዕል እንግሊዝ አገር እየሸጠ ስለሚተዳደር አልከበደውም። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ብሩሹን አስቀምጦ ሳቀ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ክፉ ሰው ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው። «ለዚህስ ሁለት ዓይን በዛበት» አለ።

ዓይኑን ሲሠራ ግን አልቀለደም። ጀጎል ውስጥ የአንድ ቤት ግድግዳ ቀብቶ የተረፈው ሰማያዊ ነበረው። በቆርኪ ትንሽ ቀዳ፣ ነጭ ጨመረበት፣ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሞከረው፣ እንደገና ነጭ ጨመረ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ሁለቱን ዓይኖች በየተራ ነካ ነካ አደረጋቸው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩ።

ይሄኔ ነው ነገር ያነሳሁት። ይሄ ልጅ እኮ ሐረርን አያውቃትም። እዚህ የመጣው በ1880 መጨረሻ፣ በ26 ዓመቱ፣ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ቡናና ቆዳ ለሚገዛ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ነው። የዚያ ሰውዬ መልክ ደግሞ አልጠፋም። በ1883 እዚሁ ሐረር ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። አንዱ ላይ ሙዝ ተክል መሃል እጁን አጣምሮ ቆሟል። ፎቶዎቹ የነጡት በማጥብበት መጥፎ ውሃ ምክንያት ነው ብሎ ጽፎላቸዋል። (የሐረር ውሃ ነገር ያኔም!) ፊቱ የለም ማለት ይቀላል። ሁለት ጥላ፣ ትንሽ ጢም፣ በቃ። የኛ ራምቦ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

«ባለቤቱ የሚከፍለኝ ለቆንጆው ነው» አለኝ። እሱስ ልክ ነው።

ከምሳ በኋላ ግን ሳልጠይቀው ቁራጭ ኮምፔርሳቶ አነሳ። ግራጫና ነጭ ብቻ ተጠቀመ። ሰውዬውን በአንድ ሰዓት ጨረሰው፤ መጨረሻ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ፊቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሳለፈበት። ከግድግዳው ሥዕል ይበልጥብኛል። «ውሰደው፣ እዚህ ማንም አይገዛውም» አለኝ።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቁሜ ያዝኩት። ደንገጎን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ትክ ብለው አዩት።

«ምንህ ነበር ልጄ?»

«ዘመዴ አይደለም እማማ። ሐረር የኖረ ነጋዴ ነው፣ ከሞተ ቆየ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ እንደገና አዩት።

«ጥሩ ፎቶ አልነበረውም እንዴ?»