የቦኹም ሰው አይደለሁም

ሰሞኑን ሰበታ ያለ አብሮ አደጌ ደውሎ «ያለህበት የከሰል አገር ነው አሉ፤ እስቲ ማዕድኑ ውስጥ አስገባኝ» አለኝ። የምኖርባት የጀርመኗ ቫተንሻይድ የመጨረሻው ጉድጓዷ፣ ሆላንድ የሚባለው፣ ከሰል ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እሱም እኔም አልተወለድንም። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በመላው ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2018 አብቅቷል። የቀረው የብረት ማማው ነው።

እኔም ስመጣ ብዙ ነገር አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ሰው ፊት፣ ሽማግሌ ጎረቤቴን «እናንተ የቦኹም ሰዎች ደጎች ናችሁ» አልኳቸው። ማመስገኔ ነበር። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ የቦኹም ሰው አይደለሁም!» ብለው ጮኹብኝ። ቋሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኛ ትልቅ ሰው ሲቆጣን አንገት እንደፋለን፤ እነሱ ደግሞ ዓይናቸውን ካላየሃቸው የናቅካቸው ይመስላቸዋል። ጫማዬን ባየሁ ቁጥር ባሰባቸው።

ክንዴን ይዘው ወደ መኪናቸው ወሰዱኝና ታርጋውን በጣታቸው መቱት። ቬ፣ አ፣ ቴ፤ የቫተንሻይድ ምህጻር። ቫተንሻይድ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ሕዝቡ እየተቃወመ ጃንዋሪ 1 ቀን 1975 ከቦኹም ጋር ተቀላቀለች። የራሷ ታርጋም መሰጠቱ አብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ሲፈቀድ እሳቸው ወዲያው አስቀየሩ። ያ ጣታቸው ሥሩ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለው፤ ቁስል ውስጥ ገብቶ የቀረ የከሰል ብናኝ ነው። ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠራ ሰው እጅ እንዲህ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ንዴታቸው የገባኝ ግን በ2015 ዓ.ም. ሰበታ ከነቡራዩና ከነሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ ሆነች ሲባል ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን እዚያ ላሉት እተዋለሁ። እኔን ያመመኝ ስሟ ነው።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ከሰል የሚባለውን ወሬ ተዉት። ሙያ ያዙ፤ ቋንቋውን እዚያው ጀምሩ። ስትደርሱም የሰፈሩን ሽማግሌ አገርዎ ማን ይባላል ብላችሁ ጠይቁ፤ ካርታ ይህን አይነግራችሁም።

ለጎረቤቴ የሰበታን ነገር የነገርኳቸው ቡና ጠርቻቸው ነው። ስኒውን አስቀመጡና «አሁን ከየት ነህ ሲሉህ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

«ሰበታ።»

ሲወጡ በር ላይ ጨበጡኝና፣ ማዕድን ሠራተኞቹ እርስ በርስ እንደሚባባሉት፣ «ግሉክ አውፍ» አሉኝ።