አፏን የዘጋችው ዓሣ

ቢጫዋ ዓሣዬ ምግብ ካቆመች ዛሬ ሁለት ሳምንቷ ነው። ሌሎቹ ገና ክዳኑን ሳነሣ ይሻማሉ፤ እሷ ከድንጋዩ ሥር አትወጣም። ትሞትብኛለች ብዬ ሌሊት እየተነሣሁ ባትሪ ሳበራባት ሰነበትኩ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ለቡና መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ፤ ታማብኛለች» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«ምን ታማለች! አፏ ውስጥ ልጆች ይዛ ነው እንጂ። የእኛዋ ቆሮሶም እንዲሁ ናት።»

ተጠግቼ አየሁ። ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ከረጢት ወርዷል። በየጥቂት ሰከንዱ መንጋጋዋን ታንቀሳቅሳለች፤ የምታኝክ ትመስላለች። ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሣ በውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ዓይኖች ናቸው! የልጆቿ ዓይኖች።

የእሷ ዝርያ መነሻው የማላዊ ሐይቅ ነው። እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ 3 ሳምንት ያህል ትቆያለች፤ እስክትገላገል ድረስ እህል ውኃ የለም። ለካ ቆሮሶና እሷ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ የቆሮሶ ጥብስ እየበላሁ አድጌ፣ የጣናዋን እናት ያወቅኋት በማላዊዋ በኩል ሆነ።

ጋሼ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «መረብ ስናወጣ አንዳንዷ ጫጩቶቿን ታንኳው ላይ ትተፋቸዋለች። በእፍኜ እየሰበሰብኩ ወደ ውኃው እመልሳቸው ነበር።»