ዲያስፖራው በቮልስ

ከውጭ የመጣ ሰው ባሕር ዳር ላይ ምን መንዳት እንዳለበት ከተማው ወስኖ ጨርሷል። ቁመቱ ረዥም፣ መስታወቱ ጥቁር መኪና። ኪራይም ቢሆን ግድ የለም፣ ብቻ ላንድክሩዘር ይሁን። እኔ ደግሞ ከሐምቡርግ በመጣሁ ቁጥር የምነዳው በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1300 ቮልስ ነው። ዘመድ መጀመሪያ አዘነልኝ። አንዷ አክስቴማ እህቴን ለብቻዋ ጠርታ «ልጁ ሥራ ፈቷል መሰለኝ፤ ደፍረን ብንጠይቀው ይሻላል» ብላታለች።

ሥራ አልፈታሁም። ሐምቡርግ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። አውቶቡሱ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። በሩ ካልተዘጋ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከሰዓቴ ከዘገየሁ ስክሪኑ ይነግረኛል፣ ከቀደምኩም ይነግረኛል። እንጀራዬ ነው፣ አላማርርም። ግን ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ውሎ «ዛሬ መኪና ነዳሁ» ማለት የማይቻልበት ሥራ መኖሩን እዚያ ነው ያወቅሁት።

የቮልስ ፍቅር የያዘኝም እዚያው ነው። ከታች የሚኖር አንድ ጡረተኛ ጎረቤት ነበረኝ። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተያዘ መኪና ታርጋው መጨረሻ ላይ «ኤች» የምትል ፊደል ያገኛል። የሞተሩ ጉልበት ምንም ይሁን ምን የዓመት ግብሩ 192 ዩሮ ገደማ ነው። የሰውዬው ቮልስ ይህቺ ፊደል ነበረቻት። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ላይ ለበረዶው ጨው ስለሚበተን ከጋራዥ አያወጣትም። ጨው ላሜራ ይበላል። በበጋውም ቢሆን ዝናብ ካስፈራራ አይነካትም። ሲፈታታ እኔ የእጅ ባትሪ እይዝለታለሁ፣ እሱ እያንዳንዷን ብሎን ስም እየጠራ ያሳየኛል። ብዙ ተምሬበታለሁ። ሲነዳት ያየሁት ግን ሲጠርጋት ካየሁት በጣም ያንሳል። እኔን ብትጠይቁኝ እሱ መኪና ሳይሆን ሙዚየም ነበር ያለው። (ይህን ቢሰማ ያኮርፈኛል።)

የኔዋን ያገኘኋት ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ግቢ ውስጥ ማንጎ ሥር ቆማ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት እንደምከፍል አልነበረም። «ልትነዳት ነው ልታርዳት?» አሉኝ። ፈታትቶ ዕቃዋን ለሚሸጥ ሰው አልሰጥም ብለው ደላላ ሁሉ መልሰዋል። «ልነዳት ነው ጋሼ» አልኳቸው። ቁልፉን አልሰጡኝም። ራሳቸው ገብተው አስነሱና ከጎን አስቀምጠውኝ ሰፈሩን አዞሩኝ። ከዚያ ቦታ ቀየርን። የማርሽ አያያዜን ዐይተው ነው ስለ ዋጋው ማውራት የጀመሩት። ሊብሬዋ ንጹሕ፣ ቦሎዋም ያልተቋረጠ ነበር።

እስኪ ስለ መንዳቱ ላውራ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። ድምፁ እየተከተለህ ነው የምትሄደው። መሪው ቀጭን፣ ማርሹ ረዥም፣ ፍሬኑ እግርህን የሚፈልግ። የፊት መስታወቱ ከመቅረቡ የተነሳ መንገዱ ደረትህ ላይ ያለ ይመስላል። በሩን ስትዘጋ ሌላውን መስታወት ትንሽ ዝቅ ካላደረግህ አየሩ ይታፈንና አልዘጋ ይልሃል፤ ያን ያህል ጥብቅ ናት። ባሕር ዳር ሙቀቷ ሲበረታ ከፊት በኩል ያለችውን ትንሿን ሦስት ማዕዘን መስታወት ወደ ራስህ ታዞራታለህ። የጣና ነፋስ ፊትህ ላይ ነው። ኤሲ ያለው ሰው መስታወቱን ዘግቶ ያልፍሃል። ይለፍ።

ፍጥነቷስ? ፋብሪካው 125 ኪሎ ሜትር ይላል። የጎረቤቴን ይዘን አንድ ጊዜ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተን ነበር፤ ከባድ መኪና ከኋላችን መብራት እያበራ አስጨንቆን በመጀመሪያው መውጫ ወጣን። ባሕር ዳር ላይ ግን በዘንባባው ጎዳና 40 ከያዝክ ከበቂ በላይ ነው። ብስክሌት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ የሚያቋርጥ አለ። ከተማውና መኪናዋ እርምጃቸው አንድ ነው። ስታልፍ ሰው ፊትህን ያያል፣ ሰላም ይልሃል። ጥቁር መስታወት ውስጥ ሆኜ በመጣሁባቸው ዓመታት ከለማኝና ከደላላ በቀር ያናገረኝ አልነበረም። አሁን ጊዮርጊስ አካባቢ ቆሜ ማኪያቶ ሳልጨርስ ሦስት ሰው ይመጣል። አንዱ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በቮልስ ነው። አንዱ አባቱ ነበረው። ሌላው ዝም ብሎ ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተር ይፈልጋል፤ ጎማና ሻንጣ ያገኛል። ይስቃል።

መካኒኬ አባይ ማዶ ነው። ዕድሜው ገፍቷል፤ ልጅነቱን ያሳለፈው ሚሌቼንቶ (ፊያት 1100) እና ቮልስ ሥር ተኝቶ ነው። አንድ ዓመት ከጀርመን አዲስ ካርቡራተር አመጣሁለት። ዐይቶ አደነቀና ሳይገጥመው ፈታታው። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ባለ ቀዳዳ ብሎን ከአሮጌው አውጥቶ አዲሱ ላይ አደረገ። ለምን ስለው «ስማ፣ ይሄ ዕቃ ሐምቡርግን ነው የሚያውቀው። ጣናን መች ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሐምቡርግ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑም አብሮ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ያቺ 44 የፈረስ ጉልበቷም እኛ ዘንድ 36 ብትሞላ ነው። ካንዴላውን ነቅሎ ጫፉን ያሳየኛል፤ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡና ዓይነት ከሆነ ደስ ይበልህ ይላል። ኮምፒውተር የለው፣ ምን የለው።

ከሁሉም የማልረሳው የጢስ አባዩን ጉዞ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። ከግማሽ ካለፍን በኋላ ቀይዋ የዲናሞ መብራት በራች። ሌላ መኪና ላይ ይቺ መብራት ብትበራ በባትሪ ቤትህ ትደርሳለህ። ቮልስ ላይ ግን እዚያው ነው የምትቆመው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋንም የሚያዞረው እሱ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ መንደድ ይጀምራል።

ቆምኩ። ከኋላ ስከፍት ቺንጋው ተበጥሶ ወድቋል። ዕቃ ሳወጣ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ሰዎች ከበቡኝ። አንድ አዛውንት ገበሬ ትንሹን ልጅ በጄሪካን ውኃ እንዲያመጣ ላኩት። «አባባ፣ ይቺ ውኃ አትጠጣም» አልኳቸው።

«እንዴት አትጠጣም?»

«በንፋስ ነው የምትቀዘቅዘው።»

አላመኑኝም። ልጁ ውኃውን ይዞ መጣ። ራዲያተር የሌላት መሆኑን ዞረው ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው አንተ ጠጣው» አሉ። ጠጣሁ፣ እጄንም ታጠብኩ።

ቺንጋውን መቀየር እንኳ ደስታ አለው። ካቻቢቴ ቺንጋው የሚዞርባት ፑሌ ጥርስ ውስጥ አስገብተህ ትይዛለህ፣ በ21 ቁልፍ ብሎኑን ትፈታለህ። ፑሌዋ ለሁለት ትከፈላለች። በመሐል ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ከመሐል ባወጣህ ቁጥር ቺንጋው ይጠብቃል፣ በጨመርክ ቁጥር ይላላል። በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው። ያወጣሃቸውን ሮንዴላዎች ውጭ በኩል ታስቀምጣቸዋለህ፣ እንዳይጠፉ። የሠራው ሰው መንገድ ላይ የሚቀርን ሰው አስቦ ነው የሠራው። አውቶቡሴ ቆሞ ቢቀር እኔ ማድረግ የምችለው ስልክ መደወል ብቻ ነው።

አሁን ከከተማ ብዙም አልወጣም። የአካባቢያችንን ሁኔታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ወረታ፣ ወደ ጎንደር እንደልብ የሚነዳበት ቀን ይምጣና እናያለን። እስከዚያ ድረስ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ አለ። 380 ሜትር ነው፤ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወንዙን እያየሁ አልፈዋለሁ።

ችግሩ መለዋወጫ ነው። ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ላይ ወጣች። የኔዋ በተሠራችበት ዓመት ደግሞ የፎርድ ሞዴል ቲን ከ15 ሚሊዮን በላይ የሆነ ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ስለዚህ ዕቃው ጀርመን ሞልቷል። እኛ ዘንድ ግን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች እንግዲህ ያሉት ናቸው። ሻንጣዬ ውስጥ ከ23 ኪሎው ግማሹ ብረት ነው። እህቴ ስትከፍተው «ወንድምዓለም፣ ሽቶው የታለ?» ትላለች። ጋስኬት ታገኛለች።

እኔ ሳልኖር የሚያስነሳት የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ናት። ባለፈው ቴሌግራም ላይ ደወለልኝ።

«ጋሽዬ፣ ለሙሽራ ፈልገዋታል።»

«ቮልሷን?»

«አባትየው አሮጌ ነው ብለው እምቢ ብለው ነበር። ሙሽራዋ ናት ሌላ አልገባም ያለችው።»

«ስንት ሰው ነው የሚጫነው?»

«ሙሽሮቹ፣ አንድ ሚዜና እኔ።»

«የቤዛዊትን ዳገት እንዳትወጣ በዛ ጭነት።»

«ፎቶው እኮ እዚያ ነው!»

ተከራከርን። በመጨረሻ ሚዜው ዳገቱ ሥር ወርዶ በባጃጅ እንዲከተል፣ ዳገቱም በሁለተኛ ማርሽ እንዲወጣ ተስማማን። ኪራዩን ለሁለት የኋላ ጎማዎች አዋልነው። አባትየው በማግስቱ ደውለው ትሸጣለች ወይ ብለው ጠይቀዋል። የእህቴ ልጅ «ልትነዷት ነው ልታርዷት?» ብሎ መለሰላቸው አሉ።