ሰባቱ ቀለሞች

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሞንቴሶሪ (ልጁ ዕቃ እየዳሰሰ በራሱ እጅ የሚማርበት ዘዴ ነው) አፀደ ሕፃናት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች አብረው የሚውሉበትን ክፍል ይዤ አስተምራለሁ። እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት እኛም በየዓመቱ የማሻሻያ ዕቅድ እናወጣለን። መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ተብሎ በአራት ርዕስ ይከፈላል፤ ሰንጠረዡ ይሞላል፤ ማኅተም ይመታበትና ፋይል ውስጥ ይገባል። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይወጣል። በዚያ ዓመት መማር ማስተማር ከሚለው ሥር የገባው ትልቁ ግብ የፊደል ጉዳይ ነበር።

የሞንቴሶሪ ልጅ ፊደልን የሚለየው በዓይኑ ብቻ አይደለም። ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል በጠቋሚና በመሃል ጣቱ፣ አጻጻፉን ተከትሎ እየዳሰሰ ድምፁን ያወጣል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፤ 26 ሰሌዳ፣ አናባቢው በሰማያዊ፣ ተነባቢው በቀይ ወይም በሮዝ። የእኛስ? 33 ሲባዛ በ7፣ 231። አናባቢው ለብቻው የት ተገኝቶ ነው ሰማያዊ የሚቀባው? እያንዳንዱ ፊደል ሁለቱንም ይዞ ነው የተቀረጸው። የማሻሻያ ኮሚቴው በዚህ በቀለም ነገር ብቻ ስንት ስኒ ቡና እንደጨረሰ እግዜር ይወቀው።

በመጨረሻ አንድ ሰው «ሰባት ቀለም ለሰባቱ ሆሄ» አለ፤ ሁሉም እፎይ አለ። ግዕዝ ቀይ፣ ካዕብ ብርቱካናማ፣ ሣልስ ቢጫ እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ኮምፔንሳቶው ተቆረጠ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ከመርካቶ መጣ፤ ክረምቱን ሙሉ ኮላ ስንቀባና ስንለጥፍ ከረምን። ዕቅዱ ላይም «የአምስት ዓመት ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ፊደላቱን ያለ መምህር እርዳታ በየረድፋቸው ይደረድራሉ» ተብሎ ተጻፈ። ግብ የሚለካ መሆን አለበት ይባላል፤ ይኼ ደግሞ ከመለካት አልፎ ፎቶ የሚነሣ ነው።

ኅዳር ሳይወጣ ተሳካ። በወላጆች ቀን ልጆቹ ምንጣፋቸውን ዘርግተው፣ ሰሌዳውን አንድ በአንድ እያመጡ ቀጥ ባለ ረድፍ ሲደረድሩ አባት እናቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ዳይሬክተራችን ከኋላ ሆና «ይቺን ፎቶ ለሪፖርቱ አስቀምጪልኝ» አለችኝ። የመንፈቅ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ያ ተራ መቶ በመቶ ተሞልቶ ወደ ወረዳ ተላከ።

ነገሩ የተበላሸው በፎቶ ኮፒ ነው። ለቤት የሚሆን ፊደል አባዝተን ላክን፤ ማሽናችን ደግሞ ጥቁርና ነጭ እንጂ ሌላ አያውቅም። በነጋታው አንድ አባት ወረቀቱን እንደያዘ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ሚስ፣ ልጄ ሉን ሊ ይለኛል። ሊን ደግሞ ሲያሻው ሉ፣ ሲያሻው ላ። እዚህ ሁሉን ሲደረድር በዓይኔ አይቻለሁ። ቤት ሲገባ ምን ይነካዋል?»

እሱ ብቻ ቢሆን የልጁ ነገር ነው ብለን እናልፈው ነበር። ሌሎችም መጡ። ዳይሬክተሯ «ቤት ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው እየዋሉ ነው» አለች። አንዱ ባልደረባዬ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ እንስጥ የሚል ሐሳብ አመጣ። እነዚህ ሁለቱ፣ ቴሌቪዥንና ማጠናከሪያ ማለቴ ነው፣ በየትምህርት ቤቱ ለማንኛውም በሽታ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው።

ክፍሌ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ ረዳት አሉ፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፣ ልጆቹ እቴቴ ነው የሚሏቸው። ያን ቀን ማታ መደርደሪያውን ሲወለውሉ ቀና ሳይሉ፦

«እነሱ እኮ ቀለሙን ነው የሚያነቡት የኔ ልጅ። ፊደሉን መቼ አዩት? ቢጫውን ከቢጫ፣ ቀዩን ከቀይ ነው።»

«መቼ ነው ይህን ያስተዋሉት?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ስብሰባው ላይ እኔ ሻይ ነው የማመጣው።»

ለማረጋገጥ ብዙ አልደከምንም። የተወሰኑ ሰሌዳዎች ላይ ፊደሉን ብቻ የሚያሳይ ነጭ ወረቀት በፕላስተር አለበስንና ከልጆቹ በጣም ጎበዝ ለምንላት ልጅ ቡንና ቢን ሰጠናት። አገላብጣ አየቻቸው። ጀርባቸውን አየች። ከዚያ በጥፍሯ የወረቀቱን ጠርዝ ቀስ ብላ ላጠችና ከሥሩ ብርቱካናማው ብቅ ሲል ፊቷ በራ። «ቡ!» አለች። እቴቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

እኔን ያናደደኝ መልሱ ከዓይናችን ሥር መኖሩ ነው። ከፊደሉ ሳጥን ጎን ሮዝ ግንብ የምንለው ቆሟል፤ አሥር ኩብ፣ ትንሹ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ አሥር። አሥሩም ሮዝ ናቸው። ለምን? ልጁ መጠንን እንዲለይ ከተፈለገ፣ ከመጠን በቀር ምንም ነገር መለያየት የለበትምና ነው። ቀለማቸው ቢለያይ ልጁ ቀለሙን ይዞ ይነጉዳል። ዘዴውን የጀመረችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር «የልጆች ቤት» ያለችውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ይዛ የገባችው የሐኪም ልማድ ቁጭ ብሎ ማየትን ነው። እኛ ኮሚቴ አቋቋምን፤ ቁጭ ብለው የሚያዩትን ሰው ግን ለሻይ ላክናቸው።

ቀለሙ ይቀየር ሲባል ክርክር ተነሣ። «ተሳክቷል ብለን የላክነውን ግብ እንዴት እናፈርሰዋለን?» አለች ዳይሬክተሯ፤ አልፈርድባትም፣ ደረጃችን ሲወሰን ተጠያቂዋ እሷ ናት። ያሳመናት የእኛ ንግግር አይደለም። ራሷ ክፍል ገብታ ግማሽ ቀን ተቀመጠች፤ ወጣችና «ቀቡት» አለች። ሰሌዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ክሬም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጣት ሥራውን ጀመረ። የሉ ጭረት ቀኝ እግሯ መሃል ላይ ነች፣ የሊ ደግሞ ታች እግሯ ጫፍ ላይ፤ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ይህን በጣቱ ያገኘዋል። እንደ ሩ ያሉ አፈንጋጮችን ለኋላ አቆየናቸው። አንድ ሌላ ጉድም ወጣ፦ «ሀን አምጣልኝ» ሲባል ልጁ ሐን ወይም ኀን ይዞ ቢመጣ ተሳሳትክ ሊባል ነው? በድምፅ ለሚጠየቅ ልጅ ሦስቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ለጀማሪዎቹ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ከነቤተሰቦቻቸው ከመደርደሪያው ወረዱ፤ 196 ቀረ። አንድ አያት «ንጉሡ ሠ የት ሄደ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። የድቁና ትምህርት የቀመሱ ሰው ናቸውና ለማስረዳት ቀላል አልነበረም።

የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ያ ተራ ተለወጠ። ስንት ልጅ ደረደረ የሚለው ቀረና፣ ልጁ ማንም ሳያዝዘው የፈለገውን ቃል በፊደሎቹ ይሠራል ወይ የሚለው ገባ። ማስረጃው ረዳቶቹ በየቀኑ የሚጽፉት ደብተር ነው፤ የማሻሻያ ኮሚቴው ውስጥም ሁለት ረዳቶች ወንበር አገኙ። ሱፐርቫይዘሩ ሰንጠረዡን አይቶ «ይኼ በመቶኛ እንዴት ይገለጻል?» ሲል ዳይሬክተሯ ደብተሩን ከፍታ ሰጠችው። ትንሽ አነበበና መቶኛዋን ግን አሁንም ይፈልጋታል፤ ለእሱ ስንል አንድ ዓምድ ጨመርን።

ሣድስ ግን እስካሁን አስቸግሮናል። ካዕብና ሣልስ ሥርዓት አላቸው፣ ሣድስ እንደየፊደሉ ነው የሚታጠፈው። እቴቴ በተራ ቁጥር ሳይሆን በመልክ የሚመሳሰሉትን እየሰበሰብን እንስጣቸው የሚል ሐሳብ አምጥተዋል፤ የዘንድሮ ዕቅድ ውስጥ ገብቷል፣ ሳጥኑንም አናጺው እየሠራው ነው።