አንድ ደቂቃ ሮጬ ያለቀስኩበት ጠዋት

የእግዚአብሔር ስም ይባረክ። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። የኔ ነገር ሌሎች ከሚመሰክሩት ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም ተስፋ የቆረጠብኝ ሰው አልነበርኩም። የታመመው አንድ እግር ነው፤ ያውም ለሜዳሊያ ሳይሆን ለጤናዋ የምትሮጥ የ41 ዓመት ሴት እግር። ግን እግዚአብሔር ያደረገልኝን "ትንሽ ነው" ብዬ ዝም ካልኩ ምስጋናውን የበላሁበት ያህል ይሰማኛል። ደግሞ አሁን ይህን ስታነቡ እግራችሁን ትራስ ላይ ሰቅላችሁ፣ ሰው ሲሮጥ በመስኮት እያያችሁ የምትናደዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

መሮጥ የጀመርኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ጣሪያ ማየት ነው። አንድ ቀን መተኛቱም መነሳቱም ሲያቅተኝ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። መጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነበር። ቆይቶ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው ሶምሶማ፣ ከዚያ እርምጃ፣ እንደገና ሶምሶማ። እዚያ መንገድ ላይ አፌ ተፈታ። ቤት ተንበርክኬ አንድ ቃል የማይወጣኝ ሰው እየሮጥኩ ከእግዚአብሔር ጋር አወራ ጀመር። አየር ስስብ "አቤቱ"፣ ስተነፍስ "ማረኝ"። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም፤ ያቺው በቃችኝ። በዓመቱ 10 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጥ ነበር፣ እንቅልፌም ተመለሰ። እንግዲህ ሩጫ ለኔ ስፖርት ብቻ አልነበረም። የጸሎት ክፍሌ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለግማሽ ማራቶን ተመዘገብኩ። 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር። በልቤ የእናቴ መታሰቢያ አድርጌው ነበር። ስለዚህ ልምምዱን እንደ ስለት ያዝኩት። በሳምንት ሦስት ቀን የነበረው ስድስት ቀን ሆነ፤ 25 ኪሎ ሜትር የነበረው በአንድ ወር ውስጥ 50 ገባ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፣ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ትንፋሼ "ጨምሪ" ሲለኝ አጥንቴ ገና ያለፈውን ወር ጭነት እየጠገነ ነበር። ይህን ያኔ የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝም የምሰማ አልነበርኩም።

ህመሙ ቀኝ ቅልጥሜ ላይ ጀመረ፣ በውስጠኛው በኩል። መጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ብቻ። ከዚያ እየሮጥኩ። በመጨረሻ ተኝቼም። ቅልጥሙን የሚያመው ሯጭ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ህመም በአጥንቱ ጠርዝ ርዝመት ተዘርግቶ፣ መዳፍ ሙሉ ቦታ የሚይዝ ነው። የኔ ሳንቲም የምታህል አንዲት ነጥብ ነበረች። በአንድ ጣት ይህቺ ናት ብዬ ማሳየት እችል ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ በአውራ ጣቴ እጫናታለሁ። ካላመመኝ ደስ ይለኛል፣ ካመመኝ ቀኑ ይጨልምብኛል። ከጸሎቴ በፊት እሷን ነበር የምነካት።

ሰው መስማት የሚፈልገውን ታሪክ መርጦ ይይዛል። እኔ የያዝኩት የአበበ ቢቂላን የቶኪዮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ አምስት ሳምንት ያህል ቢሆነው ነው፤ ማራቶኑን አሸነፈ፣ ያውም በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። "እሱ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ ከሮጠ እኔ በቅልጥም ህመም ልቆም?" አልኩ። የህመም ማስታገሻ ውጬ መሮጥ ቀጠልኩ። ጸሎቴም "ጌታ ሆይ፣ እስከ ውድድሩ ብቻ ያዝልኝ" ሆነ። የማልደብቀው ነገር ይህ ነው፤ ኪኒኑ አላዳነኝም፣ ህመሙ ሊነግረኝ የመጣውን ነገር ብቻ አፈነብኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ራጅ ተነሳሁ። ራጁ ንጹህ ነው ተባልኩ። እልልታ ነው የቀረኝ! በዚያው ሳምንት የጸሎት ቡድናችን ውስጥ ቆሜ "ጌታ ፈወሰኝ" ብዬ መሰከርኩ። ሰው አለቀሰ፣ አብሮኝ አመሰገነ። ከአራት ቀን በኋላ ልምምድ ወጣሁ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቅልጥሜ በእሳት የተነካ መሰለኝ። እግሬን መሬት ማስነካት አልቻልኩም። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ባለቤቴ መጥቶ እስኪወስደኝ ጠበቅኩ። ከህመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ ያ ምስክርነት ነበር። ለሰዎቹ ምን እላለሁ? ስለ እግዚአብሔርስ ምን አልኩ?

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። የነጥቧን ታሪክ ሰምቶ ሳይጨርስ ኤምአርአይ አዘዘልኝ። አጥንቱ ተሰንጥቋል። ስትረስ ፍራክቸር ይሉታል፤ በአንድ አደጋ የሚሰበር ሳይሆን በተደጋጋሚ ጭነት ቀስ እያለ የሚሰነጠቅ። እንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ያስረዳኝም እሱ ነው። ሦስት ሳምንት በክራንች፣ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ያለ ሩጫ። ውድድሩ የቀረው አምስት ሳምንት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አሳጥሬ ላልፈው ብፈልግም አልችልም፣ ምስክርነቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንደገና መንቃት ጀመርኩ። ጣሪያው ተመለሰ። የእናቴ ሐዘንም ትናንት የሆነ ያህል ተመልሶ መጣ። ጸሎት ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ። "አቤቱ" ብዬ አየር ስስብ ሰውነቴ ሩጫውን ይጠብቃል፣ ሩጫ የለም፣ ቃሉም እዚያው ይቀራል። ተቆጥቼ ነበር። "የምትሰማኝ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወሰድክብኝ" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ አላሳምረውም።

የጸሎት ቡድናችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ ድጋፍ አይሄዱም። እማማ ነው የምላቸው። ከስብሰባ መቅረቴን አይተው ደወሉ። ስለ እግሬ ብዙ አወራሁ፣ ስለ ኤምአርአዩ፣ ስለ ውድድሩ፣ ስለዚያ ምስክርነት። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ የታሰረው እግርሽ ነው ወይስ አፍሽ?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ።

"እኔ ከሮጥኩ ስንት ዘመኔ። ጌታ ግን እዚህ ወንበሬ ድረስ ይመጣልኛል። ነገ በሩጫሽ ሰዓት እደውልልሻለሁ" አሉ። ደወሉ። ልክ 11 ሰዓት ላይ። እኔ ምንም አልጸለይኩም፣ እሳቸው ናቸው የጸለዩት። እግሬን አንዴም አላነሱም። "የልጄን ልብ መልስላት" አሉ፣ ደግመው ደጋግመው። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ሦስተኛው ሳምንት ውስጥ ይመስለኛል። ክራንቹ አልጋው ላይ ተደግፏል፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ እማማ ይጸልያሉ። ድንገት ለቅሶ መጣብኝ። ለእናቴ ነበር። ሙሉ ለሙሉ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ቁጭ ብዬ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተቀምጬ አልቅሼላት አላውቅም። እየሮጥኩ ሳለቅስ እንባዬን ላቡ ይደብቀው ነበር። እማማ ጸሎቱን አቁመው ዝም ብለው አብረውኝ ቆዩ። ስጨርስ "አቤቱ" አልኩ። እግሬ ተዘርግቶ ቃሉ ወጣ። በዚያ ሌሊት ተኝቼ ያደርኩት እንቅልፍ ከስንት ጊዜ በኋላ የመጣ ነው።

ጸሎቴ የተመለሰው እግሬ ከመዳኑ በፊት ነው። እግሬ ገና ስንጥቅ ነበር፣ ውድድሩንም እንደማልሮጥ አውቄ ነበር። የለመንኩት ይህን አልነበረም። የሰጠኝ ግን ይህን ነው።

የአበበንም ሌላውን ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ተኝቼ ነው። ከቶኪዮ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ በእግር ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጥቷል። ወርቁን ያመጣው ማሞ ወልዴ ነው። አበበ አቆመ! ቶኪዮን በቃሌ ይዤ ሜክሲኮን አላውቃትም ነበር። ደራርቱ ቱሉም ባርሴሎና ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 ወርቅ ካገኘች በኋላ አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ሁለተኛው ወርቅ የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ስምንት ዓመት። እኔ ስምንት ሳምንት ነበር ያቃተኝ።

የውድድሩ ቀን ክራንቹን ካስቀመጥኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ቤት መዋል ፈራሁ። 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውኃ የሚያድሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ቆምኩ። ብርጭቆ ስዘረጋ፣ ሰው ሲነጥቀኝ፣ እጄ ሲረጥብ ዋለ። አንዲት ወጣት እያነከሰች መጣችና "ልቀጥል ይሆን?" አለችኝ። የት ነው የሚያምሽ ስላት ጎንበስ ብላ ቅልጥሟን በአንድ ጣት ነካች። በአንድ ጣት! "ተይው የኔ እህት፣ ቁጭ በይ" አልኳት። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አላውቅም፤ እጸልይላታለሁ።

ወደ ሩጫ የመለሰችኝ ፊዚዮቴራፒስት ጥብቅ ሴት ናት፣ እግዚአብሔር ይባርካት። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያለ አንዳች ህመም መራመድ። የባት ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በጣት ቆሞ መነሳትና መውረድ፣ በየሁለት ቀኑ። የሌላ ቦታ ህመም ትንሽ ይታለፋል፣ አጥንቷ ላይ ያለችው ነጥብ ግን ትንሽም ከተሰማችሽ ቁሚ አለችኝ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። ለ10 ኪሎ ሜትር ሯጭ ይህ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አሥረኛው ሳምንት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ያው ምሰሶ ሥር ቆሜ ሰዓቴን ተጫንኩ። 60 ሰከንድ። እርምጃዬን አሳጠርኩ፣ እንዳስተማረችኝ። ጆሮዬ በሙሉ ቅልጥሜ ላይ ነው። 20፣ 40፣ 55። ሰዓቱ ጮኸ። ምንም! ቆሜ አለቀስኩ። ስምንቱንም ጨረስኩ። ቤት ገብቼ በአውራ ጣቴ ስጫናት ነጥቧ የለችም።

ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ከአምስት ወር በኋላ ተረከዜ ታመመ፤ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ምስማር የረገጥኩ ያህል ነበሩ። የውስጥ እግር ጅማት ነው ተባለ። ብዙ ሳምንት ፈጀ። ግን ያ ጨለማ አልመጣም። ልምምዱን ቀነስኩ፣ ባቴንና ውስጥ እግሬን አሳሳብኩ፣ መሮጥ ባልቻልኩበት ቀን ወንበሬ ላይ ጸለይኩ። ያ ጨለማ አለመምጣቱ ለኔ ከእግሬ መዳን ይበልጥብኛል። ጸሎት ቡድኑ ውስጥም እንደገና ቆሜ የቀድሞውን ምስክርነቴን አረምኩ። "ቸኩዬ ነበር" አልኳቸው። ማንም አልፈረደብኝም።

በዓመቱ ግማሽ ማራቶኑን ሮጥኩ። 2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ፈጀብኝ። 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውኃ ተቀብዬ የእናቴን ስም ጠራሁ። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

እማማ አሁንም 11 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። ጸልየን ስንጨርስ እወጣለሁ፣ ስመለስ ደግሞ እኔ እደውላለሁ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነው።

"ልጄ፣ ዛሬ ስንት ሮጥን?"

"ስምንት ኪሎ ሜትር፣ እማማ።"

"ተመስገን። በይ አሁን እግርሽን አሳርፊው።"