የእማዬ መሐረብና የወንድሜ ስልክ

እማዬ ደሴ ሰኞ ገበያ ስትወርድ ብሯን መሐረብ ውስጥ ቋጥራ ነው። ሽንኩርቱን እያገላበጠች ሦስት ሻጭ ጋ ሳትከራከር አትገዛም። የዕቁቡና የእድሩ ብርማ አይነካም።

ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ደሞዝ ሲገባ ጥቅል ይሞላል፣ ጫማ ይገዛል፣ ጓደኞቹን ማኪያቶ ይጋብዛል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብሩ ሲወጣ እንኳ አይታየውም።

አባካኝ ሲሉት ግን ያመኛል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያስቀመጠው ብር ሲሟሽሽ አይቷል። እማዬ ዕቁብ ሲደርሳት ቤቷን ቆርቆሮ አልብሳበታለች። እሱ በደሞዙ ቤት ከየት ያመጣል?

ያም ሆኖ ዕቁብ ግባ እያልኩ እወተውተዋለሁ። አሁን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጀምሯል፤ መዋጮውን በስልክ ነው የሚልኩት።