ዘጠኝ ቁጥሩን ልሽጠው ወይስ ላቆየው ብዬ የባከንኩበት ክረምት

ይህን የምጽፈው በጊዜው የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ስለተቃጠልኩ ነው። ጎንደር ውስጥ የአንድ ሰፈር እግር ኳስ ቡድን መሪ ነኝ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም። ቀን ሱቄ ውስጥ ነኝ፣ አመሻሽ ላይ ሜዳ። ግማሹ ሥራዬ ብር መለመን ነው፤ ግማሹ ደግሞ አጥር የዘለለ ኳስ ማስመለስ።

አምና ዘጠኝ ቁጥራችን፣ አጥቂያችን ማለቴ ነው፣ በ14 ጨዋታ 17 ጎል አገባ። በኛ ቡድን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ልጁ ፒያሳ ሲያልፍ ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ «ዘጠኝ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እናቱን የማያውቃቸው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላቸው ነበር።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ከሌላ ከተማ የሆነ፣ ከኛ ሁለት እርከን በላይ የሚጫወት ክለብ ነው። 150,000 ብር፣ 20 ኳስ እና አንድ የተከላካይ አማካይ በልዋጭ እንስጣችሁ አሉ። ልዋጭ ሲሉኝ ሳቄ መጣ። በጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ሰፈራችንን የሚዞረው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ሂሳቡን ስሠራው ግን ሳቄ ቆመ። ያ ብር የዓመት ትራንስፖርታችንን፣ የዳኛ ክፍያችንን እና ማሊያችንን ይሸፍናል።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። አሠልጣኛችን «ዛሬውኑ ሽጠው» አለ። ገንዘብ ያዣችን «መስከረም ላይ እጥፍ ያወጣል» አለ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ዋሽንግተን የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። እዚያ ከሄደ ወዲህ ቤዝቦል የሚሉት ነገር ለክፎታል። ዱላ ይዘው ኳስ የሚመቱበት ነው፤ መጀመሪያ በቪዲዮ ሲያሳየኝ የገና ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጭንቀቴን ስነግረው የቤብ ሩትን ታሪክ አመጣብኝ። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1919 ለቦስተን ሬድ ሶክስ ሲጫወት 29 ሆም ራን መታ፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ አሳልፎ መምታት ነው፣ እንደኛ ጎል ቁጠሩት። በዚያ ዘመን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነው። የክለቡ ባለቤት የውድድር ዓመቱ እንዳለቀ በ100,000 ዶላር ለኒውዮርክ ያንኪስ ሸጠው። በቀጣዩ ዓመት 54 መታ። በ1918 ዋንጫ አንስቶ የነበረው ቦስተን ቀጣዩን ያገኘው በ2004 ነው። 86 ዓመት! «አንተም ጎንደር ላይ ይህን ልትሠራ ነው» አለኝ።

29 የሚለው ቁጥር ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። አጥቂው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ክለብ ያገባው ጎልም 29 ነው። ያ ዓመት ለኛ ለጎንደሮች አይረሳም፤ ፋሲል ከነማ ፕሪሚየር ሊጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደበት ነው። እኔ ድምፄ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ቡና ልጁን በዚያው ክረምት አልለቀቀውም። አንድ ዓመት ተጨማሪ ተጫውቶለት ነው ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው። እዚያ ደግሞ ጉዳት ከሜዳ አራቀው። ቤብ ሩት «አትሽጥ» ይለኛል፤ የአቡበከር ጉዳት «ሳይጎዳብህ ሽጥ» ይለኛል። ሁለቱን ይዤ ተኛሁ፤ አልተኛሁም ማለት ይሻላል።

በሦስተኛው ሌሊት ደብተሬን አወጣሁ። ጨዋታውን ሁሉ በእጄ እመዘግባለሁ፤ ሚስቴ ትስቅብኛለች። 17ቱን ጎል አንድ በአንድ ለየኋቸው። 4ቱ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። 7ቱ የገቡት ሠንጠረዡ ግርጌ ባሉ ሁለት ቡድኖች ላይ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም በረኛው ታሞበት ተከላካዩን ጓንት አልብሶ ነበር የገባው። 6 ቀሩ። ከነዚያ 5ቱን ያቀበለው ሰባት ቁጥራችን ነው። ከአዘዞ በባጃጅ የሚመጣ፣ ቀጫጫ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ። ዘጠኝ ቁጥሩ የሠራው ግንባሩን ማስጠጋት ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያጨበጨብኩት ለሌላ ሰው ሥራ ነው።

ስለዚህ መሸጥ ነበረብኝ። ገዢው ያየው 17ን ነው፤ ደብተሬን አላየም። እንዲህ ያለ ዋጋ ድጋሚ አይመጣም። ይህንን በእስክሪብቶ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬበት፣ በማግስቱ ለገዢው ደውዬ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እናስብበት።» የገንዘብ ያዣችን «እጥፍ» የምትል ቃል አእምሮዬ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ነበር። ስድስት ሳምንት አሰብኩ።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው፤ የተበላሸውም ከስምንት ወር በፊት ነው።

ልጁን ያስፈረምነው ጥቅምት ላይ ነበር። 17 ዓመቱ ስለነበር ወላጅ መፈረም ነበረበት። የሁለት ዓመት ውል፣ በሦስት ቅጂ። እናቱ ዘንድ ስሄድ እትዬ ምጣድ ላይ ነበሩ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረግ አድርገው ፈረሙልኝ። በአንደኛው ቅጂ ጥግ ላይ አውራ ጣታቸው በሊጥ ታትሞ ቀረ። ያንን ሊጥ ያዙልኝ።

ሦስቱንም ይዤ ውል ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄድኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም እዚያ ጉዳይ አለኝ። «ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፤ ተወውና ሂድ፣ ማኅተም ሲመታ እንደውላለን» አሉኝ። ትቼው ወጣሁ። ሦስቱንም! አንድ ቅጂ ሳላስቀር፣ ፎቶ እንኳ ሳላነሳ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር እኮ! አልደወሉም። የመጫወቻ መታወቂያው ከሌላ መስኮት ስለሚሰጥ ያለችግር ተሰጠን፤ እኔም ሁሉ ያለቀ መሰለኝ። ልጁ ጎል ማግባት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማን ወረቀት ያስታውሳል?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ገዢው መልሶ ደወለ። «እሺ 180,000፤ ውሉን ዛሬ በቴሌግራም ላክልንና እንጨርስ» አለ። ልቤ ዘለለ። «ነገ ጠዋት» አልኩት።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ቢሮው ስደርስ መዝጋቢዋ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት፤ የመሳቢያው ቁልፍም ከሷ ጋር ፈቃድ ወጥቷል። ለገዢው «ነገ» አልኩት። በሁለተኛው ቀን መብራት የለም። ውሉ ወረቀት ነው፣ መብራት ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅሁ፤ ዝም አሉኝ። ለገዢው «ነገ»። በሦስተኛው ቀን ቁልፉ ተገኘ፣ ፋይሉ ግን የለም። «ሰነድ ጠፍቶብኛል ብለህ ማመልከቻ አስገባ» አሉኝ። የጠፋው እናንተ ዘንድ ነው ስል፣ ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና ሳይል «አመልካቹ አንተ ነህ» አለኝ። ጻፍኩ። እግዚአብሔር ይይላቸው፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። እሁድ እሁድ ነው።

ሰኞ ወረቀቱ ተገኘ። የሌላ ቡድን ፋይል ውስጥ ለሁለት ታጥፎ። ከሩቅ ነው ያወቅሁት፤ የእትዬ ሊጥ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዳሩን አይጥ ቀምሶታል። ማኅተም የለውም። ቁጥር የለውም። ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልነካውም፣ ከአይጡ በቀር።

«አሁን ምቱልኛ!» አልኩ። ሰውየው የልደት ቀኑን በጣቱ ተከትሎ ቆጠረ። «ልጁ ግንቦት ላይ 18 ሞልቶታል። የእናቱ ፊርማ አይሠራም፤ ራሱ ቀርቦ እንደ አዲስ ይፈርም።»

ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ። «ትናንት ሄደ እኮ» አሉኝ እትዬ፣ ደንግጠው። «ጋሼ ያውቃል ብሎኝ ነው። አላወቁም እንዴ?» ገዢዎቹ አምስት ቀን ሙሉ «ነገ» ስላቸው ውል እንደሌለኝ ገብቷቸዋል። በቀጥታ ለልጁ ደውለው የፊርማ ብር ሰጥተውታል። መልቀቂያ አላስፈለጋቸውም፤ ማን ያዘውና ማን ይለቀዋል? ጥግ ላይ ከካርቶኑ ያልወጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አየሁ። ቡና አፈሉልኝ። ምጣዱን እያየሁ ሦስተኛውን ጠጥቼ ወጣሁ። ልጁን አልቀየምኩትም። ራሴን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ስለዚህ እንደኔ ያለህ የቡድን መሪ ስማኝ። ቢሮዎቹ «የሁሉንም ተጫዋች ወረቀት አሟልተህ በአንድ ላይ አምጣ» ይሉሃል። አትስማቸው። አንድ ልጅ በፈረመ ቀን የአንዱን ይዘህ ሂድ፣ ማኅተሙ ሲመታ እያየህ ቁም፣ አንዱን ቅጂ ሳትይዝ ከበሩ አትውጣ። ይቆጡሃል። ይቆጡ። ኋላ የፊፋን ደንብ ሳገላብጥ ደግሞ ሌላ ነገር አንገበገበኝ፦ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ነገ ያ ልጅ እንደ አቡበከር ድንበር ቢሻገር፣ እኔ በየትኛው መዝገብ ነው አሠለጠንኩት የምለው? ውል ካለህም ቀኑን ቁጠር። ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር መስማማት ይችላል፤ ልሽጥ ወይስ ላቆይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በፊት ነው የሚያልቀው።

ክለቡ በኅዳር ወር «ለመልካም ግንኙነት» ብሎ 12 ማሊያ ላከልን። የአምና ማሊያቸው ነው፣ ደረቱ ላይ የነሱ ስፖንሰር ታትሞበታል። ልምምድ ላይ እንለብሰዋለን፤ ሌላ የለንማ። ዘጠኝ ቁጥሩ እዚያ እስካሁን 2 ጎል አለው፣ አንደኛው ፍጹም ቅጣት ምት። ያሻማለት ልጅ ከኛ ጋር ነው።

የሰባት ቁጥሩን ውል ያስመዘገብኩት መስከረም 8 ነው። ሦስት ቅጂ፣ ሦስት ማኅተም፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ አባቱ ዘንድ፣ አንዱ ሱቄ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያ በላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ዘንድሮ በ6 ጨዋታ 8 ጎል አመቻችቷል። ትናንት ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ስለ ቀጫጫው ልጅ ነው።

«ስንት?» አልኩ።